ያልመጣችው ደንበኛ

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር የሰጡኝ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። «እስከ ሹመትህ ቀን ድረስ ልብህን እየመረመርክ ጻፍ፤ በመጨረሻ አነበዋለሁ። እኔም በጊዜዬ እንዲሁ አድርጌያለሁ» አሉኝ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ የጸሎት ቤታችንን ከእንግዲህ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል፤ ጉባኤው ደግሞ እኔን መርጧል። ሹመቱ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልቤን መረመርኩት። ደህና ነው።

ሌላ ምን ይጻፋል? ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱቄ ጠባብ ናት፤ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪናዬ፣ ከጓሮ በኩል የመተኮሻ ክፍል። ልብስ ተኳሹ ከእኔ ጋር ያረጀ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እንፋሎት» ይለዋል፤ ከካውያው ጭስ መሃል ፊቱ ጠርቶ ታይቶ ስለማያውቅ። ጸሎት ቤት አይሄድም። ስለ ነፍሱ ብዙ ጊዜ ጸልያለሁ፤ እስካሁን ለውጥ የለም።

አሁን የዩኒፎርም ወቅት ነው። ግራጫ ሱሪ፣ ግራጫ ቀሚስ፤ ሕልሜም ግራጫ ሆኗል። ልጆቹ በየተራ ይቆማሉ፣ እለካለሁ፣ ይሄዳሉ። አንዳንድ እናቶች «ልጁን ማምጣት አልተመቸንም፤ በአምናው ልኩ ይስፉልን» እያሉ ይለምኑኛል። እምቢ እላለሁ። ያላየሁትን ሰው ልብስ አልቆርጥም። ሕጌ ነው፤ ሕግ ደግሞ ካልጠበቁት ምኑን ሕግ ሆነ።

ረቡዕ

ዩኒፎርም። ወገቤ። የጠዋቱ ጸሎት አጭር ነበር፤ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ መሃል ላይ ተነሣሁ።

ሐሙስ

ባለቤቴ ዛሬም የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄደች። ሐሙስ ሐሙስ ትሄዳለች። የዚያች ሴት በሽታ አይገድል፣ አይድን። ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ የሴቶች ጉዳይ ነው። ስትሄድ የሚበላ ነገር በሳህን ይዛ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ወይ ዓይኗ አብጧል፣ ወይ ታንጎራጉራለች። ዛሬ ታንጎራጉር ነበር።

የጉባኤ ቀን

ስለ ሥርዓታችን አንድ ነገር ልጻፍ፤ ሰው የሚወደውን ሲጽፍ እጁም ይፈታለታል።

በጉባኤው ማብቂያ ላይ እያንዳንዱ አባወራ ተነሥቶ የቤቱን ሰዎች ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሕዝቡ «አሜን» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሜን የተባለለት ሰው በዚያ ሳምንት የሁላችን ነው፤ ቢታመም እንጠይቀዋለን፣ ቢከፋው አብረነው እንቀመጣለን። ልጅ ሆኜ አባቴ ስሜን ሲጠራ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ አሜን ሲል ጀርባዬን ይሞቀኝ ነበር።

የእኔ ቤት አጭር ነው። የባለቤቴን ስም ጠርቼ እቀመጣለሁ። ልጃችን የሌላ እምነት ሰው ካገባች ወዲህ ስሟን አልጠራም። የወጣ ሰው ስም አይጠራም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ጥሩ ልጅ ነበረች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ስንወጣ ሁለት ሴቶች ደረጃውን ከፊቴ ይወርዱ ነበር። አንደኛዋ «የገዛ ልጁን ስም የዋጠ ሰው የእኛን ስም ይጠብቃል ብለሽ ነው?» አለች። ሌላዋ «ኧረ ተይ፣ ይሰማል» አለቻት። ሰምቻለሁ። ሐሜተኛ ከዚያ ደረጃ ላይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ። ቤት ስደርስ የጃንጥላዬ እጀታ ተሰብሮ አገኘሁት። ምን ላይ እንደመታሁት አላስታውስም።

ማክሰኞ

የጸሎት ቤቱ ጸሐፊ ሱቅ ድረስ መጣ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ሰላምታ ሲረዝም ከኋላው ጉዳይ አለ።

«የሹመቱ ዕለት ተነሥተው አንድ ሁለት ቃል ይናገራሉ» አለኝ በመጨረሻ። «ቤትዎ ንጹሕ እንደሆነ፣ ከወጣችው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለዎት። ሰዉ ያጉረመርማል። አንዴ በአደባባይ ከተባለ ያርፋል።»

«ስሟን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሌላ ምን ቀረ?»

«እሱማ ዝምታ ነው። የምንፈልገው ቃልዎን ነው።»

እሺ አልኩት። ምን ቸገረኝ? ግንኙነት እንደሌለኝ እውነት ነው።

እሱ እንደወጣ እንፋሎት ከጓሮ ብቅ አለ። «ጌታው፣ የዚህን ሰውዬ ሸሚዝ ማነው የሚተኩሰው? ኮሌታው እንዲህ ተገትሮ አንገቱን እንዴት ነው የሚያዞረው?» ሥራህን ሥራ አልኩት።

ዓርብ

ባለቤቴ ሱቅ መጥታ አንድ ክርና የተጠቀለለ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «የአንዲት ሴት ነው። ቀሚስ ትፈልጋለች።»

«ትምጣና ትለካ።»

«መምጣት አትችልም።»

«ሕጌን ታውቂያለሽ።»

«እንዴት አላውቀውም» ብላ ክሩንም ጨርቁንም ትታ ወጣች።

ክሩ ላይ ልኩ በቋጠሮ ተይዟል። ሜትር ባልነበረን ጊዜ እንዲህ መለካት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ግን በግራና በቀኝ ለየብቻ ለክታዋለች። ግራው ያጥራል። ሴትየዋ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትከሻ ብዙ አለ። ልጅ ሆኖ ከመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

የወገቡ ቋጠሮ ግን ስህተት ነው። እንዲህ ባለ ትከሻ ላይ እንዲህ ያለ ወገብ የለም። ባለቤቴ ስትለካ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ጨርቁን ልመልስላት አስቤ ነበር። አረንጓዴ ነው፣ ለስላሳ ነው። ያን ሁሉ ግራጫ ሳይ ውዬ እጄ ላይ ቀረ።

የጉባኤ ቀን

ጠራሁ፤ ተቀመጥኩ። ዛሬ ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ። ድምፄ አምሮ ነበር አሉ። ለእኔ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ድካም ይሆናል።

ሰኞ

አረንጓዴውን ቆረጥኩት። ለባለቤቴ ስል ነው። የወገቡን ስህተት አርሜዋለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን መቀስ የያዘ ሰው ለአንድ ቋጠሮ አይገዛም። በዓይኔ ገምቼ ቆረጥኩ።

እንፋሎት ሊተኩሰው ተቀብሎ አገላበጠው። «የማን ነው?»

«የአንዲት ደንበኛ።»

«መቼ መጣች?»

«አልመጣችም።»

«እሺ» አለ። እሺ የሚልበት አንድ አነጋገር አለው፤ አልወደውም።

ኮሌታውን ክብ አድርጌዋለሁ። ክብ ኮሌታ ያምርባታል። ለእንዲህ ያለ አንገት ማለቴ ነው።

ሐሙስ

ባለቤቴ ቀሚሱን ይዛ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄደች። እኔ ቀኑን ሙሉ ኪስ ስሰፋ ዋልኩ። የአንዱን ልጅ ሱሪ ኪስ ገልብጬ ሰፋሁት። እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ዓርብ ማታ

ቀሚሱ ተመለሰ።

«አልገባላትም» አለችኝ ባለቤቴ። «እየጎተተች ሞከረችው፤ ወገቡ ላይ ቀረ። ክሩን ለምን አልተከተልክም?»

«ክሩ ተሳስቶ ነዋ። የእሷ ወገብ እንዲያ አይደለም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ «ያዝኩህ» አላለችም። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አጣጠፈችው። «አልነበረም» አለች። «አሁን ግን እናት ልትሆን ነው።»

ከዚያ ወጥ ልታሞቅ ገባች። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ሳህኑን ስታቀርብልኝ እጄን አልታጠብኩም ነበር፤ እንደ ሕፃን ውኃ አምጥታ አስታጠበችኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ሆይ፣ ይህን ደብተር ከእንግዲህ አላሳይዎትም። ስለዚህ እውነቱን ልጻፈው። ቋጠሮውን ባየሁ ቅጽበት አውቄያለሁ። ያን ትከሻ እንዴት አላውቀውም? ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫት ክር ልቆርጥ ዘወር ስል ነው የወደቀችው፤ እስከ ሐኪም ቤት ታቅፌያት የሮጥኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ባለቤቴ የት እንደምትሄድም አውቃለሁ። የታመመች ጓደኛ የላትም። እንዳላወቀ ሰው ስሆን ሕጉንም ልጄንም ይዤ የምቆይ መስሎኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆድ ግን ይህን አልፈጀውም።

ወገቡን የቆረጥኩት ከቤቴ በወጣችበት ቀን በነበራት ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነችውን አላየሁማ።

ቅዳሜ

የወገቡን ስፌት ተረተርኩት። በሁሉም ልብስ ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ አስቀራለሁ። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይወልዳል፤ ልብሱ ከሰውየው ጋር መለወጥ አለበት። ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ያውቁልኛል።

እንፋሎት ስተረትር እያየ ቆመ። «አንተ እኮ» አለ፣ «ለጨርቁስ ትርፍ ትተውለታለህ።» ተመልሶ ወደ ካውያው ገባ። ልክ ልኩን ልነግረው ከኋላው ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ መተርተሬን ቀጠልኩ።

የጉባኤ ቀን

ስነሣ ሁለቱም ስሞች ምላሴ ላይ ነበሩ። አንዱን ጠርቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከሴቶቹ በኩል ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

ማክሰኞ፣ ቸኩዬ

የትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሷል። ሰው በር ላይ ተሰልፏል። ትርፉን ሁሉ ብለቅቀውም አረንጓዴው ቀሚስ አይበቃም፤ ክሩም አርጅቷል፤ ባለቤቴ ከለካች ወዲህ ወገቧ ጨምሯል። ካልተለካች አይሆንም።

ማክሰኞ ማታ

ከሰዓት በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መጣ። የሥራ ኮቱን እንደለበሰ ነው፤ የኮቱ መሃለኛ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ወረፋውን ጠብቆ ተራው ሲደርስ አልገባም፤ በሩ ደፍ ላይ ቆሞ «ልግባ?» አለኝ።

«ሱቅ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው» አልኩት።

ገብቶ እጅ ነሣ። «የልጅዎ ባል ነኝ።»

በፎቶግራፍ እንኳ አይቼው አላውቅም። ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ስንት ቀን አስቤያለሁ፤ ሁልጊዜ በሐሳቤ ረጅም፣ አፈ ጮሌ፣ ልጅ አታላይ ነበር። አጭር ሰው ነው። ሲናገር ይንተባተባል።

«ሐኪሙ ከአልጋ አትነሺ ብሏታል» አለኝ። «ደም ግፊት ነው። ቀኗ ሳይደርስ ሊያዋልዷት ይችላሉ። እሷ እንድመጣ አልላከችኝም። ስለ ኮሌታው አመሰግናለሁ በይልኝ ያለችው እናቷን ነው። እኔ ነኝ መምጣት ያለብኝ ብዬ…» የተንጠለጠለውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ከኋላው የተሰለፉት እናቶች ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ» አለ። «ማታ ስንተኛ የቤቷን ሰዎች ስም ትጠራለች። የእርስዎን፣ የእናቷን፣ ከዚያ የእኔን። እንደናንተ ጮክ ብላ ነው የምትጠራው። ከዚያ አሜን የሚል ሰው ትጠብቃለች። እኔ የእናንተን ጸሎት አላውቀውም። ግን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ አሜን እላለሁ።»

እጅ ነሥቶ ወጣ። ደህና ሁን አላልኩትም፤ ተቀመጥም አላልኩትም፤ ውኃ እንኳ አላልኩትም። ኋላ ትዝ ያለኝ ቁልፉ ነው። እንደተንጠለጠለ ሄደ።

እኔ እዚህ ስሟን ዋጥኩ። እሷ እዚያ ስሜን ስትጠራ ኖራለች። ከእምነታችን ወጣ የተባለው ቤት ውስጥ የምወደው ሥርዓት አንድም ቀን አልተቋረጠም። የተቋረጠው እኔ ቤት ነው። ባለቤቴ የሹፌሩን መምጣት ሰምታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሐሙስ

ትልቁ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክሩን፣ ቀሚሱን፣ ሹፌሩን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

«ስሟን ልጥራ?» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «በልብህ ጥራት። ማን ይከለክልሃል? ሹመቱ ይለፍ፤ ሰዉም ይረሳል። እኔ የወንድሜን ስም ዕድሜ ልኬን በልቤ ስጠራ ኖሬያለሁ።»

ወንድም እንዳላቸው ያወቅኩት ዛሬ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«በልብዎ ሲጠሩ አሜን የሚለው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለክርክር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ማንም» አሉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን እንዳስተካክልላቸው ጠየቁኝ፤ አስተካከልኩላቸው። ስወጣ እጄን ይዘው ጥቂት አቆዩኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ሄድኩ።

ሱቁን ለእንፋሎት ትቼለት፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳደረግኩ፣ ከባለቤቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ስንት የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ሕግ፣ ስለ አባት፣ ስለ ይቅርታ። በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ።

አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል፤ ጸጉሯን ለሁለት ሠርታዋለች፣ እንደ ልጅነቷ። «አባዬ» አለች።

«ልለካሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ያንን ነው ያልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

«እሺ» አለች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ወገብ ስትለካ ማድረግ ያለብህን ሁሉም ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ ሁለት እጅህን ዘርግተህ ከጀርባው አዙረህ ሜትሩን ፊት ለፊት ታገናኛለህ። ይህን ያህል ዘመን ስንቱን ሰው እንዲህ ይዤ እንደለቀቅኩ፤ ማንን እንደያዝኩ አስቤ አላውቅም። አሁን ልጄን ያዝኩ። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ሜትሩን አነበብኩ፤ ለቀቅኳት፤ ልጽፍ ስል ቁጥሩ ጠፋኝ።

ቁጥር ጠፍቶኝ አያውቅም። እንደገና ለካሁ። አሁንም ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ረሳኸው?» አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

«ረሳሁት።»

«እንደገና ለካኛ» አለች። ስትስቅ ሆዷ ክንዴ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ወይም የተንቀሳቀሰው ሌላው ነው። እንደገና ለካሁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። በመጨረሻ ቁጥሩን የጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ አልሆንልኝ አለኝ።

ተንበርክኬ ብዙ ጸልያለሁ። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የጸለይኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንድም ቃል አልነበረውም።

ዓርብ ማታ

እግዚአብሔርን እንደማውቀው ሆኜ ነው የኖርኩት። የሚወደውንና የሚጠላውን፣ ቤቱ የሚገባውንና የማይገባውን፤ ልኩን ለክቼ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሰውንም በዚያ ልክ እቆርጥ ነበር። ዛሬ አንድ ወገብ ለክቼ ቁጥሩን መያዝ አቃተኝ። ከዚህ ወዲያ ስለ እሱ አውቃለሁ ስል እፈራለሁ። ግን አልራቀኝም። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደነበረ ብምል አይቆጨኝም።

የጉባኤ ቀን፣ የሹመቱ ዕለት

ጸሐፊው የምናገረውን አስታወሰኝ። ያን ዕለት እሺ ስላልኩት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አልገባውም።

የጥሪው ሰዓት ደርሶ ተነሣሁ። የባለቤቴን ስም ጠራሁ። የልጄን ስም ጠራሁ። ከዚያ የባሏን ስም ጠራሁ። ከዚያ «ስም ገና ያልወጣለት፣ በመንገድ ያለ» አልኩ። ወንበሩን ይዤ ነው የጨረስኩት።

ዝም አሉ። ያን ቤት እንዲህ ዝም ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። አልተቀመጥኩም። አሜን ሳይባል አይቀመጥም።

«አሜን» አለች ባለቤቴ፤ ብቻዋን፣ ከሴቶቹ በኩል።

ከዚያ ከበሩ አጠገብ አንድ ሌላ ድምፅ አሜን አለ፤ ጎርናና፣ የማይገባው ቦታ ላይ፣ ሰዓቱን ያልጠበቀ። ዞር ስል እንፋሎት ነው። ሹመቴን ሊያይ መጥቶ ኖሯል፤ የራሱን ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል፤ ፊቱ ጠርቶ ይታያል። ደረጃው ላይ ሲያሙኝ ከነበሩት ሴቶች አንደኛዋም አሜን አለች። ሌሎችም አሉ፤ ብዙዎች አልነበሩም። ትልቁ ሽማግሌ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳሉ አልተሰማኝም፤ ምናልባት ሌላ ስም ነው።

ሹመቱ አልተፈጸመም። ጸሐፊው «ለጊዜው» አለ። ከኋላኛው ወንበር ተቀምጬ ጨረስኩ። ከዚያ ወንበር ላይ ሰዉ ሁሉ ይታያል፤ ከፊት ሆኜ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። አኩርፈው ሳይሰናበቱኝ የወጡ አሉ። ከፍቶኛል፤ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ታንጎራጉር ነበር፤ ሐሙስ ሳይሆን።

ማክሰኞ

ከአረንጓዴው ጨርቅ ትንሽ ተርፏል። ትንሽ ሸሚዝ ቆረጥኩበት። ለማን እንደሆነ እንፋሎት አልጠየቀኝም። ያላየሁትን ሰው ልብስ ነው የምቆርጠው፤ ትከሻው የት ያበቃል፣ አንገቱ ምን ያህል ነው፣ ምኑንም አላውቅም። ቢሆንም ቆረጥኩ። ውስጡ ብዙ ትርፍ ጨርቅ ተውኩ።

ሐሙስ፣ ሐኪም ቤት

ዛሬ ጠዋት አስገቧት። ባለቤቴ ውስጥ ናት። እኔና ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነን። ሰው ያልፋል፣ ተሽከርካሪ አልጋ ያልፋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን።

ቁልፉ አሁንም አልወደቀም። መርፌና ክር ከኪሴ አይጠፋም፤ «ዝም ብለህ ቁም» ብዬው ኮቱን ሳያወልቅ ሰፋሁለት። ከሥሩ ስሰፋ ልቡ ሲመታ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር።

«በእናንተ ዘንድ እንዲህ ባለ ሰዓት ምን ይደረጋል?» አለኝ።

«ስም እንጠራለን። በእናንተስ?»

እጁን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። በሚያውቀው ጸሎት፣ በሚያውቀው ቃል ጀመረ። እኔ አንዱንም አላውቀውም ነበር። እየሰማሁ ቆይቼ መሃል ላይ ስሟን ለየሁት።

«አሜን» አልኩ።

ቅዳሜ

ሁለቱም ደህና ናቸው። ሴት ናት። ሸሚዙን አለበስናት፤ እጅጌው ከእጇ አልፎ ይንጠለጠላል፣ አንገቱ እስከ ትከሻዋ ይወርዳል። በዕድሜዬ እንዲህ የተሳሳተ ልክ ሰፍቼ አላውቅም። ግድ የለም፤ ታድግበታለች።